ከፊት ቆርቆሮ፣ ከኋላ ሳር

ባለፈው ሰሞን ጂንካ ያለውን የአባቴን ቤት ጣራ ላስቀይር አስቤ አንድ ግምት የሚሠራ ወጣት ይዤ ሄጄ ነበር። በረከት ይባላል። ቀጭን ነው፤ ሜትሩን ወገቡ ላይ ሰክቶ መሰላሉን እንደ ጉሬዛ ዘለለና ወጣው፣ እኔ ደግሞ ከታች መሰላሉን ይዤ ቆምኩ። በዚህ ዕድሜና በዚህ ሆድ መሰላል መያዝ እንጂ መውጣት የኔ ሥራ አይደለም፤ ሚስቴ እንደውም በሩ ላይ ቆማ አየችኝና፣ መሰላሉ ነው አንተን ይዞ ያቆመህ አለችኝ።

"ጋሼ!" አለኝ በረከት ከላይ። "ይሄ ቤት የተገለበጠ ነው እኮ! የፊቱ ቆርቆሮ ዝጎ ወንፊት ሆኗል፣ የኋላው ግን ገና ነው። ፊቱ ሽማግሌ፣ ጀርባው ጎረምሳ የሆነ ቤት አይቼ አላውቅም።"

እኔ ተቃራኒው ነኝ፤ ፊቴን አይተው ገና ልጅ ነህ የሚሉኝ አሉ፣ ጀርባዬን ግን እኔ ነኝ የማውቀው። ይህንኑ ልነግረው አፌን ስከፍት ልጁ ከኋላው ክዳን አንዱን ቆርቆሮ ቀና ሲያደርገው፣ ከሥሩ ጥቁር አቧራና የሳር ብናኝ ተንሸራቶ ወርዶ በቀጥታ የተከፈተው አፌ ውስጥ ገባ። ስስልና ስተፋ ቆየሁ። ሳሉ ሲያልፍ አንድ ሽታ ቀረ፤ ዓመታት ሙሉ የምድጃ ጭስ ሲጠጣ የኖረ፣ ዝናብ ነክቶት የደረቀ፣ ደርቆም እንደገና ዝናብ የነካው የአሮጌ ሳር ሽታ። አፍንጫዬ ከእኔ ቀድሞ አወቀው። በረከት ምን ሆኑ ጋሼ ሲለኝ አቧራው ዓይኔ ውስጥ ገባ አልኩት፤ አፌ ውስጥ መግባቱን ግን እሱም አይቷል።

ያ የፊት ጣራ ሃያ ስድስት ቆርቆሮ ነው። መቁጠር አያስፈልገኝም፤ ቁጥሩን ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ልጅ ሳለሁ በእኛ ሰፈር፣ ከከተማው ወደ ዳገቱ ወጣ ብሎ፣ ቤት ማለት ክብ ነው፣ ጣራ ማለትም ሳር ነው። የሳር ጣራ ግምት ደግሞ በሜትር አይሠራም፣ በሰው ነው የሚሠራው። ሳሩ አርጅቶ ማንጠብጠብ ሲጀምር እናቴ ጓሮ እንሰቱ ሥር ትቀመጥና ጣቶቿን ይዛ ትቆጥራለች፤ ከአቶ ጋርሾ ቤት አራት ሸክም ሳር፣ ከወንዝ ማዶ ካሉት ወንድማማቾች ስድስት፣ ባሏ ከሞተባት ጎረቤታችን አንድ ሸክምና አንድ ትልቅ ቅል የተፈላ የቡና ቅጠል፣ ከዚያ ስንት ሰው ጣራ ላይ ይወጣል፣ ስንት ሰው ከታች ያቀብላል፣ ስንት ሰው እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ሌላውን ያዛል። ይህ የመጨረሻው ከግምቷ ቀርቶ አያውቅም፣ ምክንያቱም ከሥራውም ቀርቶ አያውቅም። በመጨረሻ ለዚህ ሁሉ አፍ ስንት ድስት ጎደሬ እንደሚበቃ አስልታ ስትነሳ ጣራው አለቀ ማለት ነው፤ የቀረው መውጣትና ማሰር ብቻ ነው። አንተም በተራህ የሰውየው ሳር ሲያረጅ ሸክምህን ተሸክመህ ትሄዳለህ። ማንም አይጽፈውም፣ ማንም አይረሳውም።

አባቴን ግን ቆርቆሮ አማረው። ከተማው መሀል የአውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ ነበር፤ አውሮፕላን ሲመጣ እኛ ልጆቹ ሮጠን ከብቱን እናባርራለን፣ አውሮፕላኑ ሲሄድ ከብቱ ተመልሶ ይግጣል። አንድ ቀን ከዚያ የወረደ ሰው፣ ከሰማይ ስታዩት ጂንካ ላይ የሚያበራው የመሥሪያ ቤቱና የነጋዴው ጣራ ብቻ ነው ብሎ ለአባቴ ነገረው። አባቴ ጸሎተኛ ሰው ነው፣ ክፉ ቃል ከአፉ አይወጣም፣ ግን በዚያች ቀን አንድ ነገር ገባበት። ከሰማይ የሚታይ ሦስተኛ ጣራ እንዲኖር ፈለገ። ለማን ሊታይ እንደፈለገ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ አውሮፕላን ላይ የሚቀመጥ አንድም ዘመድ አልነበረንም።

ክቡ ቤታችን ፈረሰና እንጨቱ ለአዲሱ ቤት ሆነ፤ ስምንት ሜትር በአምስት፣ ባለ አራት ማዕዘን፣ ፊቱን ወደ አውሮፕላን ሜዳው ያዞረ። እኛ ለጊዜው ጓሮ ባለችው ጠባብ ማድ ቤት ውስጥ ከበቆሎውና ከቡናው ጆንያ ጋር ተደራርበን ማደር ጀመርን። ለጣራው ግምት አቶ ዳልኬ ተጠራ። አቶ ዳልኬ ከወላይታ መጥቶ እኛ ጋ የቀረ አናጢ ነው፤ ሜትር አይዝም፣ ወረቀት አያውቅም። ቤቱን ሁለት ጊዜ ዞረው፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ወደ ላይ አየና፣ "ሃምሳ ሁለት ቆርቆሮ" አለ።

አባቴ ደነገጠ። በዚያን ጊዜ አናጢ ሁሉ ይታማ ነበር፤ አብዝቶ ያስገዛሃል፣ ትራፊውን ወስዶ የራሱን ቤት ይከድንበታል ይባላል። እናም አባቴ ማታውኑ እኔን ጠራኝ። እኔ ስድስተኛ ክፍል ነበርኩ፣ በሂሳብ አንደኛ፣ ያውም በዚያው ወር ስፋት ማውጣት ተምረን በየሄድኩበት የማየውን ሁሉ ርዝመቱን በወርዱ የማባዛበት ጊዜ ነበር። መሠረተ ትምህርት የተጀመረበት ዘመን ስለሆነ አባቴንም ፊደል የማስጠናው እኔ ነኝ፤ "አስተማሪዬ" ነው የሚለኝ።

"አስተማሪዬ፣ የዳልኬን ዓይን ተወው" አለኝ፤ "አንተ በወረቀት አሳየኝ።"

አሳየሁት። ስምንት ሲባዛ በአምስት አርባ። አንድ ቆርቆሮ ሁለት ሜትር በሰማንያ ሳንቲ ሜትር ነው፣ አርባን በዚያ አካፈልኩ፣ ሃያ አምስት። ከዚያ ቸርነት ተሰማኝና ለማንኛውም ብዬ አንድ ጨመርኩ፤ ሃያ ስድስት። ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት፣ አልበቃ ብሎኝ እንደ መምህራችን በቀይ እስክሪብቶ የራሴን ሂሳብ ራሴ አረምኩና "ትክክል" ብዬ ጻፍኩ። አባቴ ገጹን ከደብተሬ ቀደደና አጥፎ መጽሐፍ ቅዱሱ ውስጥ አስቀመጠው። ዳልኬ ሲሰማ አልተከራከረም። "ወረቀቱ ይበቃል ካለ እኔ ምን ቸገረኝ፤ እኔ የምከፈለው በቀን ነው" አለና ምስማሩን መቁጠር ቀጠለ።

አባቴ ወይፈኑን ሸጦ ሃያ ስድስት ቆርቆሮ አርባ ምንጭ አዘዘ። እዚህ ላይ ቢቆም ጥሩ ነበር። ነገር ግን በዚያው ሳምንት የአቶ ጋርሾ ቤት ይከደን ነበርና፣ አባቴ ያደረቀውን ሳር ሁሉ፣ ከድርሻው በላይ፣ ለአቶ ጋርሾ ተሸክሞ ወሰደ። ሰው ሁሉ ጎደሬውን በልቶ ተቀምጦ ሳለ ቆመና፣ ከእንግዲህ ለእኔ ብላችሁ ሳር አትጨዱ፣ እኔ ከሳር ወጥቻለሁ፣ የመጨረሻዬ ይሄ ነው አለ። እንዲህ ሲል የሚያመሰግን ነበር የመሰለው፤ የሰሙት ግን እንደ ስንብት ነው የሰሙት። አቶ ጋርሾ፣ የሰፈራችን ትልቅ ሰው፣ ከንፈሩን በቡና ቅጠሉ አርጥቦ፣ "ጥሩ ነው" አለ። "ቆርቆሮ ግን ሰው አይጠራም።"

ቆርቆሮው የመጣው ዘግይቶ ነው። መኪናው ወይጦ ላይ ወንዙ ሞልቶበት ሦስት ሳምንት ቆመ፤ እዚያ ውሃው ሲወርድ እዚህ የእኛ ሰማይ መጥቆር ጀምሮ ነበር። የአዲሱ ቤት ግድግዳ ገና እርጥብ ጭቃ ነው፤ ሳይከደን አንድ ጠንካራ ዝናብ ቢያገኘው ወደ መጣበት ጉድጓድ ይመለሳል። ስለዚህ ቆርቆሮው በደረሰ ማግስት ዳልኬ ጣራ ላይ ወጣ፣ ሰፈሩም ቆርቆሮ ሲመታ ሊያይ ወጣ። እኔ ደብተሬን ብብቴ ሥር አድርጌ መሐንዲስ ሆኜ ቆሜያለሁ፤ አንድ ሁለት ጊዜ "እዚያ ጋ ጠበቅ አድርጉት" ሳልል አልቀረሁም።

ዳልኬ ከፊት በኩል ጀመረ። አንዱን ቆርቆሮ በአንዱ ላይ ትንሽ እየደራረበ፣ ከግድግዳው ወጣ እያደረገ፣ የታችኛውን ረድፍ ጨረሰ፣ የላይኛውን ቀጠለ፣ ልክ ጣራው አናት ላይ ሲደርስ እጁን ወደ ታች ዘረጋና "አቀብሉኝ" አለ። የሚያቀብሉት አልነበረም። ሃያ ስድስቱ አልቋል። የፊቱ ተዳፋት እንደ መስታወት ያበራል፤ የኋላው ተዳፋት ባዶ እንጨት ነው፣ በመሀሉ ሰማይ ይታያል፣ ሰማዩም ጥቁር ነው።

ዳልኬ ከአናት ላይ ሆኖ አንድ ጊዜ ወደ ባዶው፣ አንድ ጊዜ ወደ እኔ አየ። ከዚያ ያ ሰውዬ ሳቀ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለው፣ ምስማር ከአፉ እስኪወድቅ ሳቀ። "የታምሩ አባት! ልጁ እኮ መሬቱን ነው የከደነው!"

እውነቱን ነው። የለካሁት ወለሉን ነው። ጣራ ተዳፋት መሆኑን፣ ቆርቆሮ መደራረቡን፣ ከግድግዳም መውጣቱን፣ ይህን ሁሉ ዳልኬ በአንድ ዓይኑ አይቶት ነበር፤ እኔ በሁለቱም አላየሁም። ሰፈሩ ሲስቅ እኔ እንሰት ጓሮ ውስጥ ገብቼ ትልቁ ቅጠል ሥር ተቀመጥኩ፤ የምሰማው ነጎድጓዱንና ሳቃቸውን ነው። ወይፈኑ ተሸጧል፣ ሌላ ብር የለም፣ ቢኖርም መኪናው ወደ አርባ ምንጭ ሄዶ እስኪመለስ ክረምት ነው። ጣራውን የሚያድነው ሳር ብቻ ነው፤ አባቴ ደግሞ ከሳር ወጥቻለሁ ብሎ በሰው ፊት ተሰናብቷል።

የአባቴ እግር ቅጠሉ አጠገብ ቆመ። ይመታኛል ብዬ ጠበቅሁ። "ደብተርህን ይዘህ ና" አለኝ፤ ይህ ከመመታት ይብስ ነበር። ወደ አቶ ጋርሾ ቤት ስንሄድ እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ፣ ደብተሬን በሌባ እጅ እንደተያዘ ዶሮ አንጠልጥዬ ነው፤ ለሽማግሌው ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሊያሳየው መሰለኝ።

አቶ ጋርሾ አዲስ በተከደነው ቤቱ ደጃፍ ተቀምጦ ነበር። "እንዴ! ባለቆርቆሮው! መንገድ ጠፋብህ?" አለው።

አባቴ ቆሞ ባርኔጣውን አወለቀ። "ጋርሾ፣ ግማሹን ለናንተ አስቀርቼዋለሁ" አለ። "ቆርቆሮ ሰው አይጠራም ስትለኝ ቤቴ ሄጄ አሰብኩበት። የፊቱን ለአውሮፕላን፣ የኋላውን ለሰው ብዬ ሆን ብዬ ነው የተውኩት።"

አባቴ በሕይወቱ ሲዋሽ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ያውም ጸሎት መሪ ሆኖ፣ ያውም ሳይለማመድ። ጆሮው ቀልቷል። አቶ ጋርሾ እሱን አየ፣ ጣራችንን አየ፣ በመጨረሻ እኔን አየኝ፤ እኔ ደግሞ በዚያን ሰዓት ፊቴ ላይ ሃያ ስድስት ተጽፎ የሚነበብ ይመስለኛል። ሽማግሌው ሳቁን በጢሙ ውስጥ አፈነው።

"ይሄ ልጅ ሂሳብ ያውቃል ይባላል" አለ። "ሰው መቁጠር ይችላል?"

"ይችላል" አለ አባቴ። "ጻፍ፣ አስተማሪዬ።"

ተንበርክኬ ደብተሩን ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁ። አቶ ጋርሾ ይጠራል፣ እኔ እጽፋለሁ፤ እንትና አራት ሸክም፣ እንትና ሦስት፣ እንትና ሳር የለውም ገመድ ያመጣል፣ እንትና ምንም የለውም መጥቶ ያዛል። ሃያ ሦስት ስም ሆነ። በሰፈራችን የሳር ግምት ወረቀት ላይ ሲወጣ ይህ የመጀመሪያው ይመስለኛል፤ በዚህኛው ላይ ትክክል ብዬ አልጻፍኩበትም።

በማግስቱ ሰው ከየአቅጣጫው ሳር ተሸክሞ ሲመጣ ዳገቱ ራሱ ተነስቶ የሚሄድ ይመስል ነበር፤ ከሸክሙ ሥር እግር ብቻ ነው የሚታየው። ዳልኬ ተዳፋቱ ለሳር በጣም ለጥ ያለ ነው፣ ውሃ ያስገባል ብሎ ተከራከረ፤ እጥፍ አድርገው አወፈሩት። እናቴ ጎደሬውን ያልገመተችለት ቀን ስለነበር ለዘር የተቀመጠው ሁሉ ተቀቀለ። የመጨረሻው እስር እንደታሰረ ዝናቡ መጣ፤ ሃያ ሦስቱም ሰው ቤታችን ውስጥ ገብቶ ቆሞ ወደ ላይ አንጋጦ ጠበቀ። አልፈሰሰም። ቤቱን የሞላው የእርጥብ ሳርና የላብ ሽታ ነበር፣ ዳልኬ እንኳ "በቃ ይሁን" አለ።

እንዲህ ሆኖ ኖረ። ከመንገድ ለሚያየን ባለቆርቆሮ ነን፣ ከጓሮ ለሚያየን ባለሳር፤ ትምህርት ቤት ልጆቹ እኔን "ከፊት ቆርቆሮ" ብለው ሲጠሩኝ ዓመት አለፈ። እንግዳ ሲመጣ ለክብሩ በቆርቆሮው በኩል ይቀመጣል፤ ዝናብ ከጀመረ ግን የሚናገረው ስለማይሰማ ወንበሩን አንስቶ በሳሩ በኩል ይመጣል። ጸሎት ቤታችን ተዘግቶ ሰው በየቤቱ ተደብቆ በሚጸልይበት ዘመን ደግሞ ጣራችን ያልታሰበ ጥቅም ሰጠ። ሰዉ ብርድ ልብስ ሊዋስ የመጣ መስሎ አንድ አንድ እያለ ይገባና ሹክሹክታውን በሳሩ በኩል ይጸልያል፤ ዝናብ ሲወርድ ሁላችንም ተነስተን በቆርቆሮው በኩል እንሄድና ጉሮሯችን እስኪነቃ እንዘምራለን፣ ውጭ የቆመ ሰው ዝናቡን እንጂ እኛን አይሰማም። ዝናቡ ድንገት ሲያቆም አንዲት ሴት ብቻዋን ከፍ ባለ ድምፅ ስትቀር የሚደርሰውን ድንጋጤና የታፈነ ሳቅ ዛሬም ሳስበው ትከሻዬ ይነቀነቃል።

የቀረውን ሃያ ስድስት ቆርቆሮ መግዛት የምንችልበት ዓመት መጣ፤ አንድ ጊዜ ብቻም አይደለም። ቡናው ጥሩ በያዘ ቁጥር አባቴ ቆርቆሮ ልጠይቅ ብሎ ገበያ ይወርድና ፍየል እየጎተተ ይመለሳል። ቆርቆሮውስ ስንለው "አልተመቸኝም" ይላል። እኔ ጥፋቴን የሚያስታውሰኝ መስሎኝ አኮርፍ ነበር። እናቴ ናት አንድ ቀን ጎደሬ እየላጠች፣ "ሞኝ፣ አባትህ ቆርቆሮውን አይደለም የሚፈራው፣ የሳሩን ቀን ማጣት ነው የሚፈራው" ያለችኝ።

የመጨረሻው የሳር ቀን መንግሥት ሊለወጥ አካባቢ ነው። እኔ ወይጦ አስተምር ነበር፣ ልረዳ ብዬ መጣሁ። እናቴ እንደ ድሮው ቆጥራ ጎደሬውን በትልቁ ድስት ጥዳለች። ሰዓቱ ረፈደ። ወንድማማቾቹ ቆርቆሮ ከድነዋል፣ ያቺ ጎረቤታችን ሞታለች፣ ሳሩ ይታጨድበት የነበረው ሜዳ ቤት ተሠርቶበታል። ሦስት ሰው መጣ፣ በሦስቱ መሀል ሁለት ሸክም። አቶ ጋርሾ አንደኛው ነው፤ የእሱም ቤት ልጆቹ ቆርቆሮ አድርገውለታል፣ ባዶ እጁን በምርኩዝ መጥቶ አባቴ አጠገብ ተቀመጠ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ከዚያ ሁሉ ጎደሬ ፊት ለፊት ተቀምጠው አንድ አንድ አንስተው በሉ። አባቴ በመጨረሻ ወደ እኔ ዞሮ፣ "ታምሩ፣ ሃያ ስድስት እዘዝ" አለኝ። አስተማሪዬ አላለኝም። ይህኛው ሃያ ስድስት በትክክል በቃ።

በረከት ጣራውን በለካበት ዕለት ከሰዓት በኋላ ግምቱን አሳትሞ አመጣልኝ። ሁለቱም ተዳፋት በአዲስ፣ ምስማር፣ እንጨት፣ የሠራተኛ፣ የማጓጓዣ፣ ከሥሩም ለማይታወቅ ነገር መጠባበቂያ አሥር በመቶ። አየሁትና ቀናሁበት፤ እኔ ለማይታወቅ ነገር የያዝኩት አንድ ቆርቆሮ ነበር። ሥራው ሁለት ቀን ይፈጃል፣ የሚሠሩት አራት ልጆች ናቸው፣ ምሳቸውን ራሳቸው ይዘው ይመጣሉ።

"የጎደለ ነገር አለ ጋሼ?" አለኝ።

እስክሪብቶውን ተቀበልኩትና ወረቀቱን ገልብጬ በጀርባው መጻፍ ጀመርኩ። አቶ ጋርሾ አራት ሸክም። ወንድማማቾቹ ስድስት። ዳልኬ፣ አንድ ዓይን። ሃያ ሦስቱንም ሳልሳሳት ጻፍኳቸው፤ ከዚያ ዛሬ ብጠራቸው ይህን ዳገት በእግሩ ወጥቶ የሚመጣውን ብቻ ላሰምርበት አልኩና ከላይ እስከ ታች ወረድኩ። እስክሪብቶው አንድም ስም ላይ አላረፈም። እኔ አለሁ፣ ግን እኔ መሰላል ያዥ ነኝ።

በረከት በትከሻዬ በኩል አጮልቆ አነበበ። "እነዚህ እነማን ናቸው? የቀን ሠራተኞች?"

"የኋላው ክዳን ናቸው" አልኩት።

ልጁ ጣራውን ቀና ብሎ አየ፣ ወረቀቱን አየ፣ ከዚያ አንድ ነገር ሳይለካ የቀረ መሰለውና ሜትሩን ከወገቡ ነቅሎ እንደገና መሰላሉን ወጣ።